ለእማማ ሣህሊቱ ታሪክ የተጠየቀ ፊርማ

ሲያትል፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ለወይዘሮ አዳነች፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አያውቁኝም፤ እጅጋየሁ እባላለሁ። ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከወንድምዎ ከዘካሪያስ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እናትዎ እማማ ሣህሊቱ እዚህ በቆዩባቸው ሁለት ዓመታት፣ ወደ ሥራ ስወርድ በራቸውን ሳላንኳኳ ያለፍኩበት ቀን ጥቂት ነው። እርሳቸው ካረፉ አሥራ አራት ወር ሆነ፤ እኔ ግን አንድ መስመር «ነፍስ ይማር» እንኳ አልጻፍኩልዎም። ጀምሬ የተውኩት ደብዳቤ ብዙ ነው። ዛሬም ያስጻፈኝ ሐዘኑ ሳይሆን ጉዳይ መሆኑ ያሳፍረኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አምና እኔና ጥቂት ሰዎች ሆነን አንድ ማኅበር አቋቁመናል። አዛውንቶቻችን ሐኪም ቤት ሲሄዱ አብረን ሄደን እናስተረጉማለን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እናነባለን፣ ቀጠሮ እናስታውሳለን። ሊቀመንበራችን አቶ ሃረጎት ይባላል፤ ወላጆቹ የአስመራ ሰዎች ናቸው፣ እርሱ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ቢሯችን የሃረጎት መኪና የኋላ ወንበር ነው ብል አልዋሸሁም።

እዚህ አገር የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚሉት ነገር አለ። እድር ይበሉት፤ ልዩነቱ፣ የሚያዋጡትና የሚረዱት አይተዋወቁም። ያላቸው ሰዎች በሕይወት እያሉ ወይም በኑዛዜ ገንዘባቸውን እዚያ ያኖራሉ፣ ፋውንዴሽኑ ከትርፉ ለሰፈር ማኅበራት ያካፍላል። ዘንድሮ እንግሊዝኛ የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል እንዲታከም ለሚሠሩ እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ። አመለከትን፤ ተቀበሉን። ለሁለት ዓመት ሦስት አስተርጓሚዎች ሠልጥነው በደመወዝ ይሠራሉ። እስከ ዛሬ የሚያስተረጉመው የተገኘ ሰው ነበር፤ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት፣ የጽዳት ሠራተኛ።

የቀረው አንድ ወረቀት ነው። በማመልከቻችን ውስጥ የእማማ ሣህሊቱ ታሪክ አለ፤ ፋውንዴሽኑ በዓመታዊ መጽሔቱ ሊያወጣው ስለፈለገ የልጆቻቸውን ፈቃድ ይጠይቃል። ያለዚያ ገንዘቡ አይለቀቅም። ዘካሪያስ ወደ ፋብሪካ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ሳያነብ ፈረመ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ወረቀቱን አያይዣለሁ፣ ከግርጌው መስመር ላይ ቢፈርሙልኝ ይበቃል። እስከ ጁን መባቻ ቢደርሰን መልካም ነው።

ነፍሳቸውን ይማር።

እጅጋየሁ

*

ደሴ፣ የካቲት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእጅጋየሁ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንቺ ብዬሻለሁ፤ እናቴ «እጅጋየሁ ልጄ» እያለች ስትጽፍልኝ ስለኖረች ሌላው አልመጣልኝም። አንቺም እንዲሁ በይኝ።

ስለዘገየሽ አልቀየምም። ያን ጊዜ ብትጽፊም አላነብልሽም ነበር። ጠዋት መጥተው አረዱኝ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፣ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ገብቼ መርፌ ወጋሁ። ነርስ ነኝ፤ የሴቶች ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔን ገደደኝ። ጎረቤቶቼ ጨካኝ ናት እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እንባው ግን ዛሬም ድረስ አልወጣልኝም። ውስጤ የደነዘዘ ነገር አለ፤ ሥራዬን ግን አላስፈታኝም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ሳያነብ የሚፈርም በሽተኛ ስቆጣ ነው የምውለው፣ እኔው እንዴት ላድርገው? እንግሊዝኛው ለክኒን ስም ይበቃኛል እንጂ ለዚህ አይበቃም። ታሪኩን በአማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። ዘካሪያስ የነገረኝ «ኦፕራሲዮን አልፈልግም አለች፣ አረፈች» የሚል ብቻ ነው። የእናቴ አሟሟት ምን ቢሆን ነው ለመጽሔት የሚበቃው? እዚያ ማመልከቻ ውስጥስ ማን አስገባው?

ስልክ አትደውዪ። ስልኩ ያለው ዋና ነርሷ ቢሮ ነው፣ ሰው ሁሉ ይሰማል።

አዳነች

*

ሲያትል፣ ማርች 2 ቀን 1997

እህቴ አዳነች፣

እንዴት ከረምሽ? አንቺ እንድልሽ በማዘዝሽ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ የሚገባኝ ግን አይመስለኝም። ጨካኝ አይደለሽም። እማማ ሣህሊቱ ያረፉ ቀን እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ እዚያው ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ የምቀዳ ሴት ነኝ። እስከ ቀትር ስቀዳ ዋልኩ። ምን ሆንሽ ያለኝ የለም፤ ምንም የሆንኩ አልመስልም ነበር።

ማን አስገባው ላልሽው፣ እኔ ነኝ።

በኦክቶበር የፋውንዴሽኑ ሴትዮ ልትጎበኘን መጣች። ከመስጠታቸው በፊት ሰዉን በዓይናቸው ማየት ደንባቸው ነው። ሃረጎት የቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ ለመነና ለአዛውንቶቹ ሁሉ ደወለ፤ «ፕሊስ፣ ምግብ አታምጡ፤ የምናሳያት ችግራችንን ነው፣ ኦኬ?» አለ። ማን ሰምቶት! አባቶች ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው መጡ፣ እናቶች ነጭ በነጭ ሆኑ። ዶሮው፣ አልጫው፣ ድፎው ተደረደረ፤ ሠርግ እንጂ ችግር አይመስልም። ሴትዮዋ ማስታወሻዋን አወጣችና «ሐኪም ቤት ስትሄዱ የሚቸግራችሁ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። አቶ መልከጸዴቅ ተነሡ። አምና በደም ግፊት ወድቀው ሁለት ቀን የሚያናግራቸው አጥተው የተኙ ሰውዬ ናቸው።

«ንገሪያት፤» አሉኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የጎደለብን የለም። ይልቅ ለምን አትበላም?»

ወይዘሮ ኑሪያም ቀጠሉ። «ሐኪሞቹ እኮ ደጎች ናቸው፤ ያላቸውን ይሰጡናል። እኛ ደኅና ነን በያት።»

እንዳሉት ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ጻፈች። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ የእኛ አባትና እናት ደግሞ እንግዳ ፊት ከሚጮኹ ሞታቸውን ይመርጣሉ። የቤት ገመና ለማያውቁት ሰው እንዴት ይዘረገፋል? ሃረጎት በጠረጴዛ ሥር እግሬን መታኝ፤ «ሲስተር፣ አንድ ነገር በይ፤ አለቀልን» አለኝ። ያን ጊዜ ተነሥቼ የእማማ ሣህሊቱን ታሪክ ተናገርኩ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ላይ የጻፍነው እርሱን ነው። በአማርኛ ይህን ይላል፦

«ወይዘሮ ሣህሊቱ የስልሳ ስምንት ዓመት እናት ነበሩ። ሐኪሙ በሆዳቸው ውስጥ ስላገኘው ዕጢ ሲነግራቸው አማርኛ የሚያውቅ አንድም ሰው በክፍሉ አልነበረም። የተባለውን ሳይረዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዶ ጥገናው ሳይደረግላቸው ቀረ፤ በአራተኛው ወር አረፉ። አስተርጓሚ ቢኖር ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

ሙሉው ይኸው ነው። ብትፈርሚልን ብዙ እናቶች ይጠቀማሉ።

እጅጋየሁ

*

ደሴ፣ መጋቢት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

እጅጋየሁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ድግሱ የጻፍሽውን ሳነብ ሳቅሁ፤ እናቴም ብትኖር ድፎውን የምትደፋው እርሷ ነበረች። ከዚያ ታሪኩ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች። ለእኔ ደብዳቤ የምትጽፈው ራሷ እንጂ ማንም አልነበረም። የደብዳቤዎቿን ሳጥን ከፍቼ በሐምሌ 1987 የጻፈችልኝን አወጣሁ። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ብዙ ተናገረ። እጅጋየሁ ልጄን ከወጥ ቤት አስጠሯት፤ ሽርጧን እንደታጠቀች መጥታ አስተረጎመችልኝ። ትንሽ እብጠት ነው፣ በክኒን ይጠፋል ብሏል። መቀደድ የፈለገም ይቀደዳል፣ ካልፈለጉም ግድ የለም አለ። ካልገደደማ እኔ ቢላዋ ምን ያደርግልኛል? አታስቢ ልጄ።»

ይህን ደብዳቤ ያኔ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺን መርቄሻለሁ።

አሁን ሁለት ታሪክ በእጄ ይዣለሁ። በአንደኛው ክፍሉ ውስጥ አለሽ፣ በሌላው የለሽም። ሐኪም ደግሞ ሆድ ውስጥ ላለ ዕጢ «ካልፈለጉ ግድ የለም» አይልም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሌላው ቢቀር ይህን አውቃለሁ።

የቱ ነው እውነቱ?

አዳነች

*

ሲያትል፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1997

እህቴ አዳነች፣

እንደምን አለሽልኝ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ዝናቡ አላቋረጠም። ሃረጎት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ክፍል አግኝቷል፤ አንድ ድርጅት አሮጌ ወንበሮች ሰጥቶናል። ሥልጠናውን የምትሰጠው ሴት ተገኝታለች። ሃያ ሁለት ሰው ተመዝግቧል፤ ከዚያ ሦስት ይመረጣል። ሃረጎት በየቀኑ እየደወለ «የደሴዋ እህታችን ሳይን አደረገች ወይ?» ይለኛል፣ እኔም ፖስታ ይዘገያል እለዋለሁ።

ለጠየቅሽኝ መልስ አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ፤ ከዚህ በላይ አልሄድልሽ አለኝ።

እጅጋየሁ

*

ሲያትል፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1997

አዳነች፣

የዚያኛው ደብዳቤ መልስ ሳይመጣ ይህን እጽፋለሁ። መልስሽ ቢቀድመኝ እንደገና ምክንያት እፈልጋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ነበርኩ። የእናትሽ ደብዳቤ ነው እውነቱ።

«አማርኛ የምትችለዋን ወደ አራተኛ ፎቅ ላኩልን» ተባለና አለቃዬ ላከችኝ። የፀጉር መረቤን እንኳ አላወለቅሁም። ማንን እንደማገኝ ሳላውቅ በሩን ስከፍት እማማ ሣህሊቱ ነበሩ። «እሰይ፣ ልጄ መጣች» አሉ። ሐኪሙም ደስ አለው። እሺ ብሎ ጀመረ። ጭብጡ ካንሰር ነው፣ በዚህ ወር ከተቀደደ ተስፋ አለ፣ አለዚያ ግን አይተርፉም የሚል ነበር። እየሰማሁ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። እንግሊዝኛ አላነሰኝም፤ በዚያ እንዳትጽናኚ።

ከዚያ እማማ ሣህሊቱ «ምን አለ?» አሉኝ። አየኋቸው። በሽተኛ ፊት ክፉ አይወራም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ ሲታመም ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የማያውቀው እርሱ ብቻ ነበር፤ እንደዚያ ነው ደግነት የሚመስለኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው በእናቴ ዕድሜ ላለች ሴት ሞትሽ ደረሰ የምላት? ለዘካሪያስ እነግረዋለሁ፣ ልጃቸው ነው፣ እርሱ አለዝቦ ይነግራቸዋል አልኩ በልቤ። እና እብጠት ናት አልኳቸው። «ካልፈለጉ ግድ የለም» ያልኩትም እኔ ነኝ፤ መቀደድ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ስለተለወጠ ላጽናናቸው ብዬ። «እምቢ በይው እንግዲህ» አሉኝ። ነገርኩት። ሐኪሙ «የነገርኩሽን ሁሉ አስረድተሻቸዋል?» አለኝ። አዎን አልኩ። ተመልሼ ወጥ ቤት ወረድኩ፤ ምሳ ደርሶ ነበር።

ለዘካሪያስ ያን ሳምንት ልነግረው ሁለት ጊዜ ወረድኩ። እርሱ ከሥራ ደክሞ ይገባል፤ እርሳቸው ደግሞ ክኒኑ ሕመሙን ስላስታገሠላቸው እየሳቁ ይቀበሉኛል። ዛሬ ደኅና ናቸው፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ነገ የሚባለው አለቀ። በመጨረሻ የነገርኩት «ኦፕራሲዮን አልፈልግም ብለዋል» የሚል ብቻ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። ቤቴ ከቤታቸው በላይ ነው፤ ሲያቃስቱ ይሰማኝ ነበር።

ማኅበሩን ያቋቋምነው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሃረጎት ቸርነት ይለዋል። ያን ቀን በሴትዮዋ ፊት ስነሣ እውነቱን ልናገር ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ «ማንም አልነበረም» ሆኖ ወጣ። ነበርኩ ብል ማኅበሩም እኔም አብረን እንጠፋለን ብዬ ነው። ከዚያ ታተመ፣ ተፈረመ፣ እኔም ማመን ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን በእርግጥ ያልነበርኩ ይመስለኛል።

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። ልጽፈው ስል ባዶ ይሆንብኛል። ምንም አይሰማኝም አዳነች፤ ሊሰማኝ የሚገባውን አውቃለሁ፣ ግን አይመጣም። ዘካሪያስ እስካሁን አያውቅም።

ወረቀቱን ብትቀጂው ይገባኛል።

እጅጋየሁ

*

ደሴ፣ ግንቦት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይዘሮ እጅጋየሁ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለአንድ ሳምንት ያህል ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ አልቀደድኩትም፣ አላቃጠልኩትም። ሥራ ሄድኩ፣ መጣሁ። እንደሚያለቅስ ሰው ፊቴን በእጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ እንባው ግን የለም። እንግዲህ አይመጣ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ የጡት ሕመም ያለባት ሴት ተኝታለች። ወንድሞቿ ከበር ውጭ ጠርተው «መግል ነው በያት» አሉኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ብያለሁ። መግል ነው፣ ብርድ ነው፣ ትድኛለሽ። በዚህ እጄ ትራስ እያስተካከልኩ ስንቷን ሸኝቻለሁ። ያለፈው ማክሰኞ ሴትዮዋ «እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ፤ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ወንድሞቿ ከሰሱኝ፣ ዋና ነርሷ ጠርታ ገሠጸችኝ። ደግ ሠርቼ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ልጆቼን አምጡልኝ አለች፤ ከወረኢሉ መጡላት።

ይህን የነገርኩዎ ይቅር ስላልኩዎ አይደለም። እርስዎ ያደረጉትን እኔም ሳደርገው ስለኖርኩ ሸክምዎን ላቀልልዎ እችል ይሆናል ብለው እንዳያስቡ። የእርስዎ የእኔ እናት ላይ ነው የደረሰው። ብታውቅ ኖሮ ምናልባት ትቀደድ ነበር፤ ምናልባትም እምቢ ትል ነበር፤ ምርጫው ግን የእርሷ ይሆን ነበር። ለእኔም የምትነግረኝ ነገር ይኖራት ነበር።

ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የፈረምኩት ለእርስዎ አይደለም። ሐኪም እየተናገረ መስማት እንደማይችል ሰው ቁጭ ብለው የሚያዩ የሰው እናቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ግን ከፊርማዬ በላይ በአማርኛ ጽፌበታለሁ፦ «ፈቃዴ የሚጸናው፣ አስተርጓሚ እንደነበረች፣ ማን እንደነበረችና ምን እንዳደረገች እንደሆነው ከተጻፈ ነው።» አስተርጉመው ይስጧቸው። ለዘካሪያስም ራስዎ ይንገሩት፤ እኔ አልሸከምልዎም።

ሌላ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልጽፍልዎም። ሐኪሙ ያን ቀን ብዙ ተናገረ ብላለች እናቴ። ያንን ብዙውን እፈልጋለሁ። ጭብጡን አይደለም፤ ጭብጡን ነግረውኛል። ለእርሷ ያልተረጎሙላትን ለእኔ ይተርጉሙልኝ።

አዳነች

*

ሲያትል፣ ጁን 15 ቀን 1997

ለእህቴ ለአዳነች፣

ፊርማሽ በሜይ መጨረሻ ደረሰኝ። የእኔ አንቺ ማለት ከበደሽ እንደሆነ ይቅርታ፤ ሌላው እንደ አዲስ መዋሸት መሰለኝ።

መጀመሪያ ለዘካሪያስ ነገርኩት። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሬንተን ወደሚባለው ከተማ ቤት ቀይሯል። አዲሱን አድራሻ አልሰጠኝም፤ አልጠየቅሁትም።

ለሃረጎት ስነግረው መኪናውን ወደ ዳር አቆመ። «ሶ፣ ምን ይሻላል?» አለኝ። ፋውንዴሽኑ ዘንድ እንሂድ አልኩት። ሄድን። የጻፍሽውን ሦስት መስመር ለሴትዮዋ አንብቤ ተረጎምኩላት፤ ከዚያ የሠራሁትን ነገርኳት። ይህን ጊዜ አላለቀሰችም። የቦርድ አባላቱን ሳልጠይቅ መልስ የለኝም አለች። ሐሙስ ዕለት ወስነዋል። ሁለት ዓመት ያሉትን ወደ አንድ አሳጥረዋል፣ ሁለተኛውን ሥራችሁን አይተን ነው ብለዋል። ታሪኩ አንቺ ባልሽው መንገድ ይታተማል፤ ስሜም አለበት። ሥልጠናው በሚቀጥለው ወር ይጀመራል፣ ከሚሠለጥኑት አንዷ እኔ አይደለሁም። ማንም አልከለከለኝም፤ ስሜን ራሴ ሰረዝኩ። አቶ መልከጸዴቅ ወሬውን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። «በጎ ብለሽ ነው፣ እኛስ ብንሆን ምን እንል ነበር?» አሉኝ። የተቆጡኝ ያህል ከበደኝ።

የሥልጠናውን መጽሐፍ አገላብጫለሁ። አስተርጓሚ «ሐኪሙ እንዲህ ብሏል» አይልም ይላል፤ የተናገረውን ሰው ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዳለ ያደርሳል። ስለዚህ እንደዚያ አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ ልረሳው ሞክሬ አልሆነልኝም። ያን ቀን ለእርሳቸው መባል የነበረበት ይህ ነው።

«ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ እንደምን አደሩ። የምርመራው ውጤት ደርሷል። የምነግርዎ ከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፣ ባልገባዎት ቦታ ያቁሙኝ። ትልቁ አንጀትዎ ውስጥ ዕጢ አግኝተናል። ካንሰር ነው። በጣም አዝናለሁ።

«ወደ ሌላ አካልዎ ሲዛመት አላየንም። በዚህ ወር ውስጥ ቀደን ብናወጣው፣ እንደ እርስዎ ካሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ይድናል። እርስዎ የትኛው እንደሚሆኑ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብል እዋሽዎታለሁ። ካልቀደድነው በክኒን አይጠፋም። ክኒኑ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ዕጢውን አይነካውም። እስከ ገና መድረስዎን እጠራጠራለሁ።

«መፍራትዎን አያለሁ። እናቴ በዚሁ በሽታ ታክማለች፤ እርሷም ፈርታ ነበር። ቀዶ ጥገናውን ቢመርጡ እኔ ራሴ እገኛለሁ። አልፈልግም ቢሉም አልቀየምዎም፤ ሕመም እንዳይሰማዎት የምችለውን አደርጋለሁ። ዛሬ መወሰን የለብዎትም። ቤት ሄደው ያስቡበት።

«ፋይልዎ ላይ ሩቅ አገር ልጅ እንዳለችዎት ተጽፏል፣ ነርስ ናት ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ከእርሷ ጋር መነጋገር ይፈልጉ ይሆናል። ቢሮዬ ውስጥ ስልክ አለ። አሁን ልንደውልላት እንችላለን፤ የፈለጉትን ያህል ይነጋገሩ፣ እኔ ውጭ እቆያለሁ።

«ብዙ ተናገርኩ። ጥያቄ አለዎት?»

ይህን ብሎ ጠበቀ። እናትሽ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

እጅጋየሁ